በዱቄት ፋብሪካ እየሠሩ ቻርተርድ አካውንታንት መሆን

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። በሂሳብ አያያዝና ፋይናንስ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌአለሁ። አሁን እዚሁ አዳማ በአንድ ዱቄት ፋብሪካ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ውሎዬ ደረሰኝ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ መመዝገብ፣ የመጋዘን ካርድ ማመሳከር፣ በየወሩ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያ ማዘጋጀት ነው። ቻርተርድ አካውንታንት መሆን እፈልጋለሁ። ዲግሪዬ መንገዱን ምን ያህል ያሳጥርልኛል? የምሠራው ሥራስ ይቆጠርልኛል? አባቴ ግን “ሁለተኛ ዲግሪህን ያዝና ባንክ ግባ” ይላሉ። ምን ይመክሩኛል?
ከፖስታ ቤት አካባቢ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም ከአዳማ ሳልለቅ ነው የተማርኩት። ፈተና በደረሰ ቁጥር ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ሚኒባስ ተሳፍሬ አዲስ አበባ እሄድ ነበር። ስለዚህ ከማውቀው ልንገርህ።

ቻርተርድ አካውንታንትነት ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ማዕረግ አይደለም፤ የሙያ ማኅበር አባልነት ነው። ከአገራችን ብዙዎች የሚሄዱበት መንገድ ኤሲሲኤ (ACCA) የሚባለው የብሪታንያ የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ማኅበሩ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ለንደን ተመሠረተ፤ ከእንግሊዝ ንግሥት ቻርተር፣ ማለትም የዕውቅና ደብዳቤ፣ ያገኘው በ1974 ነው። እኔ የሄድኩበት መንገድ 13 ፈተና አለው፤ ዘጠኙ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች፣ አራቱ የመጨረሻው ደረጃ ናቸው። ማለፊያው ከመቶ 50 ነው። በዚህ ላይ የሥነ ምግባር ትምህርትና የ36 ወር የሥራ ልምድ ይጨመራል። አባል መሆን ብቻውን ግን እዚህ አገር ኦዲት ለመፈረም አያበቃህም፤ ለዚያ የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ዲግሪህ ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ፈተናዎች የተወሰኑትን ሊያስቀርልህ ይችላል። የትኞቹን እንደሆነ የሚወስነው ማኅበሩ ነው፤ ትራንስክሪፕትህን ልከህ ታመለክታለህ። ለቀረልህ ፈተናም ቢሆን ክፍያ አለ፣ በነፃ አይመስልህ። እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምንህ ነገር አለ፤ የተፈቀደልህን ሁሉ አትቀበል። እኔ ተቀብያለሁ። የፋይናንስ ሪፖርት ፈተና ሲቀርልኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ያለው የሪፖርት ፈተና ሲመጣ ግን መሠረቱ የለኝም ነበር። መጀመሪያ 43፣ ከዚያ 48 አገኘሁ። በሦስተኛው ያለፍኩት የቀረልኝን ፈተና መጽሐፍ ገዝቼ ከአንደኛው ምዕራፍ ካነበብኩ በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርነው ዴቢትና ክሬዲት ማመጣጠን ነበር። ያ ፈተና የሚጠይቀው ደግሞ አንድ ሥራ አስኪያጅ ያቀረበው አያያዝ ለምን ስህተት እንደሆነ በእንግሊዝኛ፣ በአንቀጽ፣ ሰዓት እየቆጠረብህ እንድታስረዳ ነው። ይህ ችሎታ በአንድ ወር አይመጣም።

አሁን ወደ ሥራህ። ይቆጠርልሃል! ልምዱ ከፈተናው በፊትም፣ አብሮም፣ በኋላም ሊሆን ይችላል። የሠራኸውን በራስህ ቃል ጽፈህ ብቃት ያለው የሂሳብ ባለሙያ እንዲያረጋግጥልህ ግን ግዴታ ነው። አለቃህ እንዲህ ያለ ባለሙያ ካልሆኑ፣ ሥራህን በቅርብ የሚያውቅ የውጭ ኦዲተር ሊፈርምልህ ይችላል። ስለዚህ ኦዲተሮች ፋብሪካችሁ ሲመጡ ፋይል አቀብለህ አትመለስ፤ ለምን እንደጠየቁህ ጠይቃቸው።

ደረሰኝ መመዝገብ ብቻውን ግን ሩቅ አይወስድህም። ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ መሆንህን እንደ ጉድለት ያየኸው መሰለኝ፤ እኔ ግን ቀናሁብህ። የምትሠራበትን ወፍጮ አስበው። የብረት አካሉ ብዙ ዓመት ይቆያል፣ ስንዴውን የሚፈጩት ሮለሮች ግን ቀድመው ያልቃሉ። ዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 16 (IAS 16) ዋጋቸው ጉልህ የሆነና ዕድሜያቸው የሚለያይ ክፍሎች ለየብቻ የእርጅና ቅናሽ ይታሰብላቸው ይላል። የግብር ሕጉ ደግሞ የራሱ መቶኛ አለው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዲፈርድ ታክስ የሚባለውን፣ ወደፊት የሚከፈል ወይም የሚቀነስ ግብር የሚያሳየውን ሂሳብ ይወልዳል። እኔ ይህን ከመጽሐፍ ስማር አንድም ወፍጮ ቀርቤ አይቼ አላውቅም ነበር፤ አንተ በየቀኑ በአጠገቡ ታልፋለህ። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች በአገራችን በሕግ የሚጠየቁ ናቸው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ከልቡ የገባው ሰው ደግሞ ዛሬም ይፈለጋል።

ገንዘቡን አልደብቅህም፣ ከባድ ነው። ምዝገባው፣ ዓመታዊ መዋጮውና የየፈተናው ክፍያ በፓውንድ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያው ፈተና በብር ሲታሰብ በጣም ተወዷል። አንድ በአንድ ተፈተን፤ ቀደም ብሎ የተመዘገበ በመጨረሻ ሰዓት ከሚመዘገብ ያነሰ ይከፍላል። ፈተናው እንደ አውሮፓውያን በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በዲሴምበር ይሰጣል። የሴፕቴምበሩን ተወው። እኛ ሰኔ 30 በጀት ዓመት ዘግተን እስከ ጥቅምት 30 የግብር ሂሳብ የምናስረክብ ሰዎች ነን፤ ጳጉሜን አካባቢ ቢሮ አምሽቶ ማጥናት አይቻልም። ለአንተ ዲሴምበርና ማርች ይሻሉሃል።

አባትህን በተመለከተ፣ አትከራከራቸው። ልጃቸው እንዲደላደል ነው የሚያስቡት፤ ሁለተኛ ዲግሪም ክፉ ነገር አይደለም። ማስተማር ወይም ጥናት ከፈለግህ እሱ ይቀድማል። ደብዳቤህ ውስጥ ግን ስለ ማስተማር አንድ ቃል የለም፤ ያለው ስለ መጋዘንና ስለ ደረሰኝ ነው። እኔ ብሆን ለአባቴ አንድ ዓመት ስጡኝ እላቸው ነበር። በዚያ ዓመት ሁለት ፈተና ካለፍክ ውጤቱን ይዘህ ትነግራቸዋለህ።

ከመመዝገብህ በፊት ግን ነገ ዋና ሂሳብ ሹሙን የቋሚ ንብረት መዝገቡን እንዲያሳዩህ ለምናቸው። ሮለሮቹ ከወፍጮው ጋር በአንድ መስመር ተጠቅልለው ካገኘሃቸው፣ ምን ብለህ እንደምታስረዳቸው በአንድ ገጽ ጻፍና ላክልኝ። አነብልሃለሁ።