የቪዲዮ ጥሪ ባትሪዬን ለምን ይጨርሰዋል?

ጥያቄ፦ በዋይፋይ ፊልም ሳይ ባትሪዬ ይቆያል፤ በቪዲዮ ስደውል ግን እልም ይላል። ዋይፋዩ ያው፣ ስልኩ ያው። ምንድነው ነገሩ?

መልስ፦ ካሜራው የራሱን ይበላል፣ እሱን እንለፈው። የሚገርመው የዋይፋይ ራዲዮው ነው፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ ያለው የዋይፋይ ምልክት መላኪያና መቀበያ፤ ዝም ብሎ አየሩን ሲያዳምጥ እንኳ የሚፈጀው ኃይል ዳታ ሲቀበል ከሚፈጀው ብዙም አያንስም። ስለዚህ ቁጠባው ያለው እንቅልፍ ላይ ነው። ፊልም ሲሆን ስልክህ የብዙ ሰከንድ ምስል በአንዴ ይጎርስና ራዲዮው ያሸልባል፣ ራውተሩ በየ100 ሚሊሰከንድ ገደማ የሚልከውን «የመጣልህ አለ» የሚል ምልክት ለመስማት ብቻ ብቅ እያለ። ጥሪ ላይ ግን ድምፁ ብዙ ጊዜ በየ20 ሚሊሰከንዱ ነው የሚመላለሰው፤ ታዲያ መቼ ይተኛ? ዋይፋይ 6 በሚባለው አዲስ ትውልድ ዋይፋይ ላይ ስልክና ራውተር የመንቂያ ሰዓት ቀድመው መቀጣጠር ይችላሉ፣ ሁለቱም ከደገፉት ማለት ነው።