የተገደለ ቅድመ አያት ታሪክ ከወዴት ይፈለጋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቤተሰባችን የሚኖረው ከባሕር ዳር በስተ ምዕራብ ባለው የጣና ዳርቻ ነው። አያቴ ሲያወሩ እንደሰማሁት ግን የቀደመው አገራችን ከዓባይ ማዶ፣ ደራ ውስጥ፣ ከቆራጣ ብዙ የማይርቅ ቀዬ ነበር። የአያቴ አባት አራሽ ሰው ሲሆኑ በወሰን ተጣልተው በጎረቤታቸው እጅ ተገደሉ፤ ባለቤታቸውም ሕፃናቱን ይዘው በታንኳ ሸሽተው መጡና በዚሁ ቀሩ ይባላል። ዘመኑን «ከክፉ ቀን በፊት» ከማለት በቀር የሚያስረዳን የለም፤ የተጻፈ ነገርም የለንም። የገዳዩ ዘሮች ዛሬም በዚያው ቀዬ እንዳሉ ሰምቻለሁ። ፍለጋዬን ከየት ልጀምር? መዝገብስ ይገኝ ይሆን? ወደ እነዚያ ሰዎች ብሄድ ነውር ይሆንብኛል?
ጠያቂ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ በቅድሚያ ስለ መዝገብ የጠየቁትን ልመልስ። በዚያ ዘመን የአንድን ገበሬ መገደል በወረቀት የሚያሰፍር ጽሕፈት ቤት በደራም ሆነ በጎጃም አልነበረም፤ ክሱም፣ ምስክርነቱም፣ ፍርዱም በቃል የሚፈጸም ነበር። ገዳዩ ከታወቀ የሟች ዘመዶች ባለደም ሆነው ዳኛ ፊት ይከሳሉ፤ ከተፈረደላቸው ገዳዩ ተላልፎ ተሰጥቷቸው ደማቸውን ይመልሳሉ፣ ወይም በሽማግሌ ተለምነው የደም ካሳ ይቀበላሉ። ገዳዩ ያልታወቀ እንደሆነ ያካባቢው ሰው በአፈርሳታ ተሰብስቦ እስኪያወጣው ድረስ ከሥራው ይታገዳል። ለማምለጥ የፈለገም ብዙ መንገድ ነበረው፤ ዱር ገብቶ ይሸፍታል፣ ዓባይን ተሻግሮ ከበጌምድር ገዢ ወደ ጎጃም ገዢ ግዛት ይገባል፣ ወይም ከደብር ገብቶ ይማፀናል። ቆራጣ ደግሞ የወለተ ጴጥሮስ ደብር ያለባት የታወቀች መማፀኛ ነበረች። ከዚህ ሁሉ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ሰነድ ስለማይገኝ፣ ስለ ግድያው የሚናገር ጽሑፍ በመፈለግ ጉልበትዎን እንዳይጨርሱ እመክራለሁ።

በእኔ እምነት የሚያዋጣው መሬቱን መከተል ነው። የገበሬው ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ስለነበረ፣ አንድ ሰው ድርሻውን የሚጠይቀው ከአቅኚው አባት፣ ማለት መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ሰው፣ ጀምሮ ትውልዱን ቆጥሮ ራሱ ዘንድ በማድረስ ነበር። ባለርስት አገር ለቅቆ ቢሄድ እንኳ መብቱ አይጠፋም፤ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ተመልሶ፣ ዘሩን ቆጥሮ፣ ሊሟገትበት ይችላል። ከዚህ የተነሣ በቀዬው የቀሩት ሰዎች የሄደውን ዘር፣ ከሄዱት ራሳቸው ይልቅ፣ አጥብቀው ያስታውሱታል፤ አንድ ቀን መጥቶ መሬት ይጠይቀናል እያሉ ሲሠጉ ኖረዋልና። የእርስዎ ቤት የረሳው የቅድመ አያትዎ አባት ስም ከማዶ ባሉት ሽማግሌዎች አፍ ላይ ቢገኝ አይደነቁ።

ይህን ከያዙ በኋላ «ሸሽተው መጡ» የሚለውን የቤተሰብዎን ቃል እንደገና ይመርምሩት። በታንኳ መሻገራቸው የሚታመን ነው፤ በ1858 ዓ.ም. የአፄ ቴዎድሮስ ሠፈር ዘጌ በነበረበት ጊዜ ከቆራጣ የተጠሩት አውሮፓውያን ሳይቀሩ የተሻገሩት በደንገል ታንኳ ነበር። የሚያጠራጥረው «ሸሽተው» የሚለው ነው። ባል የሞተባት ሴት ሕፃናት ይዛ የምትሄደው ብዙውን ጊዜ ወደ አባቷ ወይም ወደ እናቷ ርስት ነው፤ ዘመድ ወደሌላት አገር መሄድ የመጨረሻው አማራጭ ነበር። ስለዚህ አስቀድመው የሚጠይቁት «ሴትዮዋ መጥተው ያረፉት በማን መሬት ላይ ነው?» ብለው ይሁን። ልጆቹ ካደጉ በኋላ በምዕራቡ ዳርቻ ርስት ተካፍለው ካረሱ፣ ያን ርስት ያገኙት በእናታቸው በኩል መሆን አለበት፤ እንዲህ ከሆነ ሴትዮዋ ወደ ወገናቸው ተመልሰዋል እንጂ አልተሰደዱም፣ የቤተሰቡም ግማሽ ታሪክ እዚሁ በደጅዎ አለ ማለት ነው። ልጆቹ በሰው መሬት ላይ እኩል አራሽ ሆነው ከኖሩ ግን መሸሹ እውነት ሳይሆን አይቀርም። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ምልክት ልጨምር፤ በዘጌ ልሳነ ምድር በበሬ ማረስ በገዳማቱ ሥርዓት የተከለከለ ስለሆነና ሰዉም በቡናና በጌሾ ስለሚተዳደር፣ የእርስዎ ወገኖች በሬ ጠምደው ያርሱ ከነበረ የሠፈሩት ከዘጌ ውጪ ባለው ሜዳ ነው።

ሦስተኛም መንገድ አለ፤ ፈላጊውን ሁሉ የሚያሳስተውም እርሱ ነው። ሴትዮዋ ሌላ ባል አግብተው ከሆነ ልጆቹ ያደጉት በእንጀራ አባታቸው መሬት ላይ ነው፤ በስሙም ሲጠሩ ኖረው ሊሆን ይችላል። አያትዎ የአባታቸው ስም ብለው የሚጠሩት የሟቹ ስም መሆኑን ሳያረጋግጡ ደራ ቢሄዱ፣ የሚጠሩትን ሰው በዚያ የሚያውቀው አይኖርም። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የአያትዎ ወንድሞችና እኅቶች ሁሉ በአንድ አባት ስም ይጠሩ እንደነበረ፣ ታላቆቹና ታናሾቹ ቢለያዩ ደግሞ ልዩነቱ ከየትኛው ልጅ እንደሚጀምር ይጠይቁ።

እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሱልዎ ሰዎች ከቀን ወደ ቀን እያነሱ ነው። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሀብት ካደረገ ወዲህ ዘር ቆጥሮ ርስት መጠየቅ ስለቀረ፣ ትውልድ የመቁጠር ችሎታውም በሙግት ያደጉት ሽማግሌዎች ዘንድ ብቻ ቀርቷል። ሲጠይቋቸው «ታሪክ ይንገሩኝ» አይበሉ፤ «ይህ መሬት ሲከፈል ለእነማን ነበር የሚደርሰው?» ብለው ይጀምሩ። ሴቶችንም አይዝለሉ። ለጋብቻ ሰባት ቤት ስለሚቆጠር፣ ልጆች የዳሩ እናቶች ወንዱ ያልያዘውን የሴት ሐረግ እስከ ምንዥላትና ከዚያም በላይ ይዘውት ይገኛሉ።

ከጽሑፍ ወገን ትልቁ ተስፋዎ ከግድያው ስድሳና ሰባ ዓመት በኋላ የመጣው ወረቀት ነው። ጎጃም በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መሬቱ እንዳይለካ ስለተቃወመ፣ በሌላው አገር የሚገኘውን ዓይነት የባለመሬት ዝርዝር እዚህ አይጠብቁ። ሆኖም በዚያ ዘመን የርስት ክርክር በፍርድ ቤቶች በጽሑፍ ይታይ ነበር፤ ከሳሹም ተከሳሹም ትውልዳቸውን ከአቅኚው አባት ጀምረው ማስመዝገብ ነበረባቸው። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የፍርድ ግልባጭ ወይም የግብር ደረሰኝ የሁለት መቶ ዓመት ሐረግ ይዞ ሊገኝ ይችላል። በተለይ ከማዶ የቀሩት ሰዎች ተሟግተው ከሆነ፣ «እገሌ ሞቶ ልጆቹ ወደ ጎጃም ተሻገሩ» የምትል አንዲት መስመር ከዚያ ውስጥ ብትወጣ የእርስዎን ታሪክ ግማሽ ታቆመዋለች።

ወደ ዘመኑ እንምጣ። ክፉ ቀን የሚባለው የከብት እልቂቱና ረኃቡ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ጊዜ ነው። ምዕራቡ ዳርቻ ዓመቱን የሚቆጥረው በጎጃም ነገር ነው፤ ራስ አዳል ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የነገሡት በ1873፣ በእምባቦ የተሸነፉት በ1874፣ በሳር ውኃ በደርቡሽ የተሸነፉት በ1880፣ የአፄ ዮሐንስ ጦር ጎጃምን ያጠፋው ደግሞ በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ነው። ቤተሰብዎ የዮሐንስን ጦር ጥፋት በዚህኛው ዳርቻ ሆኖ እንዳየ የሚናገር ከሆነ፣ መሻገሩ ከ1881 በፊት ነው ማለት ነው። ሽማግሌዎች ዓመተ ምሕረቱን ባያውቁትም «በዘመነ ማርቆስ ነው» ማለታቸው የተለመደ ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምረው ለአራት ሲያካፍሉ አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ይሆናል። በ1873 እና በ1880 መካከል ዘመነ ማርቆስ የሆኑት 1874 እና 1878 ብቻ ስለሆኑ፣ አንዲት የወንጌላዊ ስም ፍለጋዎን ከስምንት ዓመት ወደ ሁለት ታወርደዋለች።

ዘመኑ ይህ በመሆኑ ሌላም ጥርጣሬ ይነሣል። በእነዚያ ዓመታት ገበሬ የሚሞተው በጎረቤት እጅ ብቻ አልነበረም፤ በሚያልፍና በሚሰፍር ወታደር የተገደለው ብዙ ነው። ከሦስት ትውልድ በኋላ ሁለቱ ሞቶች በወሬ ሊቀላቀሉ ይችላሉ። መለያው የእርቅ ምልክት መኖር ነው። የጎረቤት ደም ሽማግሌ ያስቀምጣል፣ መሐላ ያስምላል፣ ካሳ ያስከፍላል፣ አንዳንድ ጊዜም ሁለቱን ቤቶች በጋብቻ ያስተሳስራል፤ የወታደር ደም ግን ጠያቂም ተጠያቂም የለውም። በሁለቱ ቤቶች መካከል እርቅ ወርዶ እንደሆነ ከዕርቁ ሽማግሌዎች ዘር የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም፤ ማስታረቅ ለአስታራቂው ቤት ክብር ነውና።

ወደ አብያተ ክርስቲያናት ሲሄዱ የሚጠብቁትን ይወቁ። በጣና ዙሪያ ባሉ ደብሮችና ገዳማት የወንጌልና የሌሎች ብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ጠርዞች ላይ የጉልት ስጦታ፣ የመሬት ሽያጭና የኑዛዜ ጽሑፎች ይገኛሉ፤ የዳኞችና የምስክሮች ስምም ይዘረዘራል። ነገር ግን እነዚህ በአብዛኛው የመኳንንትና የካህናት ጉዳዮች ናቸው፤ የአራሽ ስም የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው፣ ሲገኝም በክርስትና ስሙ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቅድመ አያትዎን የክርስትና ስም ሳይዙ አይሂዱ፤ ለተዝካራቸው ወይም ለሙት ዓመታቸው ይጠራ የነበረውን ስም የሚያስታውስ ሰው በቤት ውስጥ ይፈልጉ። ብራናውን ለማየት የደብሩን አለቃና ገበዙን ማስፈቀድ ግድ ነው። የአንዳንዶቹ ቅጂ በሌላ ቦታም አለ። ጀርመናዊው ሊቅ ኧርንስት ሐመርሽሚት በ1960 ዓ.ም. ገደማ የክብራንንና የሌሎች የጣና ደሴቶችን መጻሕፍት ፎቶግራፍ አንሥተዋል፤ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡትን ብራናዎች ደግሞ አዲስ አበባ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት (በወመዘክር) ይጠይቁ። ለእናት ወገን ደግሞ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የጎጃምን ትውልድ ቆጥረው የጻፉት አለ፤ ደራ ከዓባይ ማዶ ስለሆነ ለአባት ወገን ግን አይጠቅምዎትም።

የገዳዩን ዘሮች መጠየቅ ነውር አይደለም፤ አካሄዱ ግን ይታሰብበት። በድንገት ደጃቸው አይቁሙ። የሁለቱም ወገን ያልሆነ ሽማግሌ፣ ቢቻል የአጥቢያው ካህን፣ አስቀድሞ ይላክ፤ መልእክቱም መሬት እንደማይጠይቁና ደም እንደማይቆጥሩ በግልጽ ይናገር። ርስት ቢቀርም የመሬት ይዞታ ደብተር በእጁ ያለ ገበሬ «የቀድሞው ባለርስት ዘር መጣ» ሲባል መደንገጡ አይቀርም። ከተቀመጣችሁ በኋላ ስለ ግድያው እርስዎ አይጀምሩ፤ ስለ ወሰኑ፣ ስለ አቅኚው አባት፣ ማን ከማን ጋር ይዋሰን እንደነበረ ይጠይቁ። ጠቡ የወሰን ከነበረ ሁለቱ ቤቶች የአንድ አቅኚ አባት ልጆች ሆነው መገኘታቸው ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው፤ ያን ጊዜ የእነርሱ ትውልድ ቆጠራ ከላይ በኩል የእርስዎም ይሆናል። በእነርሱ ቤት ታሪኩ በሌላ መልክ ቢነገር፣ ምናልባትም የመጀመሪያው በዳይ የእርስዎ ቅድመ አያት ናቸው ቢሉ፣ ሳይከራከሩ ቃላቸውን እንዳለ ይመዝግቡ።

ጥያቄ፦ በእኛ ቤትና በአንድ የጎረቤት ቤተሰብ መካከል ጋብቻ አይደረግም። ዝምድና አለን የሚል ግን የለም። የድሮ ደም ይሆን?
አንባቢ፣ ከዘጌ

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የተረሳ ዝምድና ወይም የክርስትና ልጅነትም ጋብቻን ይከለክላል። ለመለየት ከሠርግ ይልቅ ለቅሶን ይመልከቱ። አያቶቻችሁ እርስ በርሳቸው ለቅሶ ይደራረሱ፣ በአንድ ማኅበር ጽዋ ይጠጡ ከነበረ፣ ክልከላው ከዝምድና ወይም ከክርስትና ልጅነት የመጣ ነው። በቀብር የማይገናኙ፣ በማኅበርም የማይቀመጡ ከነበሩ ግን ያልደረቀ ደም ሳይኖር አይቀርም፤ የነፍስ አባቶቻችሁን ይጠይቁ፣ ሁለቱን ቤቶች ለማቀራረብ የሞከሩ ካህን በቀደመው ትውልድ ከነበሩ እነርሱ ሰምተው ይሆናል።