የሙከራውን ይዞ እውነተኛውን ስፓም የሚያሳልፍ ማጣሪያ

ጥያቄ፦ የድርጅታችን ሜይል ሰርቨር ደብዳቤ በሚያመላልሰው ፖስትፊክስና ስፓም (የማይፈለግ መልእክት) በሚያጣራው ስፓምአሳሲን ይሠራል። ማጣሪያ ለመሞከር የተዘጋጀውን የጂቲዩብ ጽሑፍ ስልክለት ወዲያው ይይዘዋል። የሎተሪና የሐሰት ደረሰኝ መልእክት ግን በየቀኑ ኢንቦክስ ይገባል። መልእክት ስፓም የሚባልበትን የነጥብ ገደብ ከ5 ወደ 3 ላውርደው?

መልስ፦ አታውርደው ወንድሜ። ገደቡ ሲወርድ ከስፓሙ ጋር የደንበኛህም ደብዳቤ ይታፈሳል፤ ያንን ደግሞ ማንም አይነግርህም። ጂቲዩብ ለብቻው 1000 ነጥብ የሚያሰጥ ጽሑፍ ስለሆነ፣ መያዙ የሚያሳይህ ማጣሪያው መገናኘቱን ብቻ ነው።

ካመለጡት አንዱን ከነሙሉ ሄደሩ (ከመልእክቱ በላይ ካለው የመላኪያ መረጃ ጋር) ክፈትና «ኤክስ-ስፓም-ስታተስ» የሚለውን መስመር አንብብ። ነጥቡና ነጥቡን ያመጡት ደንቦች እዚያ ተዘርዝረዋል። ከመካከላቸው «ዩአርአይቢኤል ብሎክድ» (የሊንክ ብላክሊስቱ ጥያቄህን ዘግቷል) የሚል ካለ ችግሩ ተገኘ። ሰርቨርህ ዲኤንኤስን (ማጣሪያው ብላክሊስቱንም የሚጠይቅበትን የኢንተርኔት ስም ማውጫ) የሚጠይቀው እንደ 8.8.8.8 ባለ ብዙ ሰው በሚጋራው ሪዞልቨር (ጥያቄ ፈቺ ሰርቨር) በኩል ነው ማለት ነው። ብላክሊስት (የታወቁ የስፓም ሊንኮች ዝርዝር) የሚያቀርቡት ድርጅቶች በነጻ የሚመልሱት እስከ ተወሰነ ጥያቄ ድረስ ነው፤ የብዙ ሰው ጥያቄ ከአንድ አድራሻ ሲጎርፍባቸው ይዘጉታል። ስለዚህ በስፓሙ ውስጥ ያለው ሊንክ የታወቀ የአጭበርባሪ ሊንክ ቢሆንም ማጣሪያህ አይሰማም። ሰርቨሩ ላይ አንባውንድ የተባለውን ሪዞልቨር ጫን፤ ጥያቄውን ለሌላ ሳያስተላልፍ ራሱ እንዲፈታ አድርግና ስፓምአሳሲንን ወደ 127.0.0.1 (ወደ ራሱ ወደ ሰርቨሩ) አዙረው። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህን እንዳትተው።

በዝርዝሩ ውስጥ በ«ቤይስ» የሚጀምር ደንብ ጭራሽ ከሌለ፣ ቤይስ፣ ማለትም ከምሳሌ መልእክቶች የሚማረው የማጣሪያው ክፍል፣ ገና ሥራ አልጀመረም። ቢያንስ 200 ስፓምና 200 ደህና መልእክት መማር አለበት። ብዙ ሰው የማስተማሪያውን ትእዛዝ ኤስኤ-ለርንን በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ ስም) ያስኬድና ለውጥ ሲያጣ ይገረማል፤ ማጣሪያው በአማቪስ (ፖስትፊክስንና ስፓምአሳሲንን በሚያገናኘው ፕሮግራም) ስም የሚሠራ ከሆነ የሚያነበው የአማቪስን መዝገብ እንጂ የሩትን አይደለም። በዚያው ዩዘር አስተምረው። ደህና መልእክት ስትመርጥ በአማርኛ የምትጻጻፉትን በብዛት አስገባ። የቋንቋ መለያው ቴክስትካት ተከፍቶ የተፈቀደው እንግሊዝኛ ብቻ ከሆነም አማርኛውን ጨምርበት፤ አለበለዚያ የአማርኛ ደብዳቤ ያለ ጥፋቱ ነጥብ ሊቆጠርበት ይችላል።

ለሙከራ ደግሞ ያላስተማርክባቸውን መልእክቶች በሁለት ፎልደር ለይ፤ አንዱ ስፓም፣ አንዱ ደህና። ማስተካከያ ባደረግህ ቁጥር ሁለቱንም በማጣሪያው አሳልፍና መጀመሪያ ከደህናው ስንቱ እንደተያዘ ቁጠር። አንድም ቢሆን የደንበኛ ደብዳቤ ከተያዘ ማስተካከያውን መልሰው። ከዚህ ሁሉ በኋላ 4.5 አካባቢ ላይ የሚያመልጡ ከቀሩ፣ በእነሱ ላይ እየተደጋገመ በደህናዎቹ ላይ የማይታየውን ደንብ ፈልግና የእሱን ነጥብ ብቻ ከፍ አድርግ።