ጥያቄና መልስ፦ የሞኔ ቤት፣ የሞኔ ኩሬ

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ ከ1883 ጀምሮ በ1926 እስኪሞት ድረስ በፓሪስ አቅራቢያ በምትገኘው በዢቨርኒ መንደር ስለኖረበት ቤትና የአትክልት ስፍራ ከጻፍሁ ወዲህ ከጅማ አንባቢዎች የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ አሰባስቤ እመልሳለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ወራቱ ግን እንደ እኛ አቆጣጠር ናቸው።

በጥር ወር ለሥራ ወደ ፓሪስ የሚሄዱ አንድ መሐንዲስ፣ ያለቻቸውን አንዲት የዕረፍት ቀን ለዢቨርኒ ሊያውሏት አስበዋል።

አይሂዱ። ስፍራው ለጎብኚ የሚከፈተው ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ጥቅምት ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ነው፤ ጥር ለእኛ የመንገድ ወር ቢሆንም ለእነርሱ ክረምት ነውና በሩን ተዘግቶ ያገኙታል። በምትኩ እዚያው ፓሪስ ወደ ኦራንዠሪ ሙዚየም ይሂዱ፤ ሞኔ ለአገሩ ያበረከታቸውና ከሞተ በኋላ በ1927 ለሕዝብ የታዩት ታላላቅ የውሃ አበባ ሥዕሎች በሁለት ሞላላ ክፍሎች ግድግዳውን ሞልተው ይጠብቁዎታል። ማክሰኞ ግን ዝግ ነው።

በሰኔ ልጃቸውን ይዘው የሚሄዱ አንዲት እናት ባቡር ይሻላል ወይስ ታክሲ ይላሉ።

ባቡር ይሻላል። ፓሪስ ካለው የሳን ላዛር ጣቢያ ተነሥቶ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ቬርኖን ከተማ ያደርስዎታል፤ ከዚያ ወደ ዢቨርኒ አውቶቡስ አለ። መንገዱ በጠቅላላው 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚጓዝ ሰው ምኑም አይደለም። የመግቢያ ቲኬቱን አስቀድመው በኢንተርኔት ይግዙና አስጎብኚ ድርጅቶች ሰዉን ጭነው ሳይመጡ በማለዳ ይድረሱ።

«ቪዛ አገኛለሁ ብለው ይገምታሉ?»

ኤምባሲውን ይጠይቁ።

አንድ የሥዕል መምህር፣ በቤቱ የተሰቀሉት የሞኔ ሥዕሎች ቅጂ መሆናቸውን ሰምተው፣ ቅጂ ለማየት ባሕር መሻገር ሞኝነት አይደለምን ሲሉ በቁጣ ጽፈዋል።

የሰሙት እውነት ነው፤ ዋናዎቹ ፓሪስ በሚገኘው የማርሞታን ሙዚየምና በሌሎች አገሮች ተበትነው ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ወደ ዢቨርኒ የሚኬደው ሸራ ለማየት ሳይሆን ሸራው ከመወጠሩ በፊት የተሠራውን ሥራ ለማየት ነው። ሞኔ በመጀመሪያ ቤቱን የያዘው በኪራይ ነበር፤ በ1890 ገዛው፤ በ1893 ደግሞ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለውን መሬት ጨምሮ ገዝቶ፣ ከኤፕት ወንዝ ቅርንጫፍ ውሃ ጠልፎ ኩሬ ለማበጀት ፈቃድ ጠየቀ። የመንደሩ ሰዎች፣ ይህ ሰው ከሩቅ አገር ያስመጣው ተክል ከብቶቻችን የሚጠጡትን ውሃ ይመርዝብናል ብለው ቢቃወሙም፣ በመጨረሻ ፈቃዱን አገኘ። ከዚያ በኋላ የውሃ አበቦቹን ብቻ 250 ያህል ጊዜ ሣላቸው። ኩሬውን የሚጠብቅ አትክልተኛ ቀጥሮ ነበር፤ የመኪና አቧራ አበቦቹን ቢያስቸግረው በአጠገቡ የሚያልፈውን መንገድ በገዛ ገንዘቡ ጭምር ሬንጅ አስለበሰው። እንግዲህ ቀለሙን በሸራ ላይ ከማዋሉ በፊት በአፈርና በውሃ ላይ ያዋለው ሰው ነው፤ ይህን ደግሞ በየትኛውም ሙዚየም ግድግዳ ላይ አያገኙትም።

መምህሩ አጥብቀው ቢከራከሩኝ፣ የአትክልት ስፍራውም ራሱ ቅጂ ነው ሊሉኝ ይችላሉ። ልጁ ሚሼል በ1966 ሲሞት ንብረቱ ለፈረንሳይ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተላለፈ፤ ያኔ ስፍራው ክፉኛ ተጎሳቁሎ ስለነበር፣ ዛሬ የምናየው እንደገና ተተክሎና ታድሶ በ1980 ለሕዝብ የተከፈተው ነው። ነገር ግን ሞኔ በሕይወት ሳለም አበባው በየዓመቱ እየተነቀለ ይተከል ነበር፤ ስለዚህ ክርክሩ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ጎብኚው ነው። አረንጓዴውን ድልድይ ወጥቶ፣ ጀርባውን ለኩሬው ሰጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይወርዳል። ሞኔ አንድ የእህል ክምር በጧት፣ በቀትርና በምሽት ብርሃን እየለየ ደጋግሞ የሣለ ሰው መሆኑን የሚያውቁት መምህር፣ ተማሪዎችዎን ይዘው ለመሄድ ቢበቁ፣ ኩሬው ዳር ግማሽ ሰዓት ያለ ስልክ ያስቀምጧቸው።

አንዲት አንባቢ፣ ሞኔ ሁሉን አደብዝዞ የሣለው ዓይኑ ስለታመመ ነው ይባላል ይላሉ፤ አስከትለውም፣ እናታቸው ዓይናቸው ደብዝዞ ሳለ ሐኪም ቤት አልሄድም ማለታቸውን ጽፈዋል።

አባባሉ ትክክል አይደለም፤ ለአሣሣል ስልቱ ስያሜ የሰጠውን የፀሐይ መውጫ ሥዕል የሠራው በ1872 ሲሆን፣ የዓይን ሞራ ግርዶሽ እንዳለበት የተነገረው በ1912 ነው። በመጨረሻ ዘመኑ ድልድዩን እንደ ዝገት ቀይ አድርጎ መሣሉ ግን ከሕመሙ ጋር ይያያዛል። ቀዶ ሕክምናውን ፈርቶ እስከ 1923 አዘገየው።

የእናትዎ ጉዳይ ከዚህ ይበልጣል። ብዥታ ሁሉ ሞራ አይደለም፤ የዓይን ነርቭን የሚጎዳው ግላኮማ ከሆነ የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ ያንን የሚለየውም መርምሮ የሚያይ የዓይን ሐኪም እንጂ ጎረቤትም እኔም አይደለንም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለ። እባክዎ በዚሁ ሳምንት ይውሰዷቸው፤ እንቢ ቢሉም ይለምኗቸው።

በግቢያቸው «የሞኔ ኩሬ» ሊቆፍሩ የተነሡ አንድ አባወራ ምን አበባ ልትከል ብለዋል።

ከአበባው በፊት ትንኙን ያስቡ። የሞኔ ኩሬ ውሃ የሚገባበትም የሚወጣበትም ነበረው፤ በጅማ ዙሪያ ወባ ባለበት አገር የቆመ ውሃ በግቢ መያዝ ግን ለራስም ለጎረቤትም አደጋ ነው። ስለዚህ ሳይቆፍሩ የአካባቢዎን የጤና ባለሙያ ያማክሩ፤ ውሃውን ማንቀሳቀስና የትንኙን እጭ የሚበላ እንደ ቆሮሶ ያለ ዓሣ ማስገባት ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። እምቦጭን በፍጹም እንዳይተክሉ፤ ሐምራዊ አበባው ያምራል፣ በጣና ላይ ያደረሰውን ግን ሁላችንም አይተናል። በእምቦጭ ዘመን ለምንኖር ለእኛ የዢቨርኒ ገበሬዎች ሥጋት የሚያስቅ አይመስለኝም። ስለ ተክሉ ዓይነት የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ።

«ቆሎ ይዤ ብገባስ?»

የአትክልት ስፍራው ምግብ የሚዘረጋበት አይደለም፤ ከበሩ ውጭ ይቆርጥሙት።