ሱዶ እና የተገደበ የአስተዳዳሪ መብት፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ የዛሬው ውይይት በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ለተጠቃሚ ለሥራው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ የአስተዳዳሪ መብት በሱዶ ስለ መስጠት ነው፤ ሱዶ ማለት አንድን ትእዛዝ በሌላ ተጠቃሚ፣ አብዛኛውን ጊዜም በሩት (ሁሉን ማድረግ በሚችለው የአስተዳዳሪ አካውንት) መብት የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው። የፋይል ፈቃድንና የቡድን አሠራርን ታውቃላችሁ ብዬ እመልሳለሁ። አስቀድሜ አደራ የምለው ነገር አለ፦ የሱዶየርስን ፋይል፣ ማለትም የሱዶ ደንቦች የሚጻፉበትን፣ በቪሱዶ (ለዚሁ በተሠራው ማረሚያ) ብቻ አርሙ፤ ያረማችሁትን እስክትፈትሹ ድረስም በሩት የገባችሁበት ሌላ ተርሚናል አይዘጋ።

ጥያቄ (የአይቲ ባለሙያ)፦ ሁለት ጀማሪ ባልደረቦቼ አፓቺ (የድረ ገጽ ሰርቨሩ) ሲቆም እንዲያስነሱት እፈልጋለሁ፤ የሩትን የይለፍ ቃል ግን መስጠት አልፈልግም። እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ አለመስጠትዎ ትክክል ነው። ሱዶ በተለመደው አሠራሩ የሚጠይቀው የተጠቃሚውን የራሱን የይለፍ ቃል ስለሆነ የሩትን ማወቅ አያስፈልጋቸውም። መጀመሪያ አንድ ቡድን ፈጥረው ሁለቱን ያስገቡና ወጥተው እንደገና እንዲገቡ ያድርጉ። ከዚያ ዋናውን ፋይል ሳይነኩ፣ በ/ኢቲሲ/ሱዶየርስ.ዲ ማውጫ ውስጥ በቪሱዶ አዲስ ፋይል ይክፈቱ። የሚጻፈው አንድ መስመር ነው፦ የመቶኛ ምልክትና የቡድኑ ስም፣ ደንቡ የሚሠራበት ማሽን፣ የእኩል ይሆናል ምልክት፣ በቅንፍ ውስጥ ሩት፣ በመጨረሻም የሲስተምሲቲኤል (አገልግሎቶችን የሚያስነሳውና የሚያቆመው ትእዛዝ) ሙሉ ዱካ፣ «ሪስታርት» ከሚለው ቃልና ከአገልግሎቱ ስም ጋር። ሲስተምሲቲኤልን ብቻውን ጽፈው ከተዉት ከኋላው የሚመጣው ቃል ሁሉ ስለሚፈቀድ፣ አፓቺን እንዲያስነሱ የፈቀዱላቸው ልጆች ሰርቨሩን ማጥፋትም ይችላሉ። የፋይሉ ስም ነጥብ አይኑረው፤ በዚህ ማውጫ ውስጥ ነጥብ ያለበትን ስም ሱዶ ሳያነበው ያልፋል፤ ደንቡን በትክክል ጽፎ ለምን እንደማይሠራ ሲፈልግ የሚውል ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው።

ጥያቄ (ተማሪ)፦ ሱዶ እምቢ አለኝ፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በዚህ መልኩ ከተጠየቀ መልስ መስጠት አይቻልም። የትኛውን ስርጭት እንደምትጠቀም፣ ምን ትእዛዝ እንደጻፍክና የወጣውን የስህተት መልእክት ሳታሳጥር ጻፍልን።

ጥያቄ (የዩኒቨርሲቲ ላብ ኃላፊ)፦ አንድ ረዳት የኮንፊገሬሽን ፋይል እንዲያስተካክል ቪምን (የጽሑፍ ኤዲተሩን) ከዚያው ፋይል ዱካ ጋር በሱዶ ፈቀድኩለት። በዚህ መልኩ ተገድቧል ማለት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም፤ ዛሬ ከምናገረው ሁሉ ይህ እንዲያዝልኝ የምፈልገው ነው። ቪም ሲከፈት የሩት ሂደት ሆኖ ነው የሚከፈተው። ረዳትዎ ቪም ውስጥ ሁለት ነጥብ (:)፣ የቃለ አጋኖ ምልክትና (!) የሼሉን (ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስኬደውን ፕሮግራም) ስም ጽፎ ኢንተር ቢጫን ከፊቱ የሩት ሼል ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ሱዶ በተለመደው አሠራሩ የሚያየውም የሚመዘግበውም ነገር አይኖርም። ሎጉ (የክንውን መዝገቡ) ላይ የሚቀረው «ቪምን ከፈተ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ሌስ፣ ፋይንድ፣ ኦክ፣ ታር፣ ፓይተን የሚባሉት ፕሮግራሞች ሁሉም በየራሳቸው መንገድ ሌላ ፕሮግራም ማስነሳት ይችላሉ። ስለዚህ ደንብ ስንጽፍ የምንመዝነው ትእዛዙ ለምን እንደተሠራ ሳይሆን ምን ምን ማድረግ እንደሚችል ነው። ለእርስዎ ጉዳይ ሱዶኤዲት አለ፦ ፋይሉን ወደ ጊዜያዊ ቅጂ ይገለብጣል፣ ኤዲተሩን በረዳትዎ በራሱ መብት ይከፍታል፣ ሲዘጋ ደግሞ የተስተካከለውን ወደ ቦታው ይመልሳል። ኤዲተሩ ሩት ስለማይሆን ከውስጡ የሚከፈተው ሼልም የረዳቱ ብቻ ነው።

ጥያቄ (ሌላ አባል)፦ ናኖስ? ከቪም ቀለል ያለ ኤዲተር ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?

መልስ፦ ከላይ ያለውን መልስ ያንብቡ። ናኖም ትእዛዝ ያስነሳል። ሱዶኤዲትን ይጠቀሙ።

ጥያቄ (ሲስተም አስተዳዳሪ)፦ ሁሉንም ፈቅጄ ሼልንና የይለፍ ቃል መቀየሪያውን ብቻ በቃለ አጋኖ ብከለክልስ?

መልስ፦ ሁሉ የተፈቀደለት ሰው የተከለከለውን ፕሮግራም በሌላ ስም ይገለብጥና ቅጂውን ያስነሳል። የሚፈቀደውን ይዘርዝሩ፤ የሚከለከለውን ዘርዝሮ መጨረስ አይቻልም። በ2019 የታየውን ያስታውሱ፦ «ከሩት በስተቀር በማንኛውም ተጠቃሚ ስም» የሚል ደንብ የነበረው ሰው፣ የተጠቃሚ ቁጥሩን -1 ብሎ ሲሰጥ ሱዶ እንደ 0፣ ማለትም እንደ ሩት ያስኬድለት ነበር። ቀዳዳው በሱዶ እትም 1.8.28 ተደፍኗል።

አባል ሀ፦ ለእኔ ትልቁ አደጋ ያለ ይለፍ ቃል የሚያሠራው ደንብ ነው። ፈጽሞ መጻፍ የለበትም።

አባል ለ፦ አልስማማም። ሌሊት የሚሠራ የባክአፕ ስክሪፕት የይለፍ ቃል ማን ይጻፍለት?

አባል ሀ፦ የዚያን አካውንት የኤስኤስኤች (ከርቀት የመግቢያ) ቁልፍ የሰረቀ ሰው ሩት ሆነ ማለት ነው።

አባል ለ፦ እኛ ቤት ለባለሙያዎቻችን ሱዶን ትተን የዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ የሚያስኬደው ሶፍትዌር) ቡድን ውስጥ ነው የምናስገባቸው፤ ያ አይሻልም?

መላሽ፦ ከዚህ በፊት ከተባለው ሁሉ ይህኛው ይከፋል። ዶከር በተለመደው አሠራሩ ሩት ስለሆነ፣ የቡድኑ አባል የሰርቨሩን ሙሉ ዲስክ ወደ ኮንቴይነር አስገብቶ እንደ ፈለገ ይጽፍበታል፤ የይለፍ ቃል አይጠየቅም፣ በሱዶ ሎግም አይታይም። ወደ ባክአፑ ስንመለስ፣ ሁለታችሁም የተናገራችሁት እውነት ነው። ለሰው አካውንት ያለ ይለፍ ቃል አትፍቀዱ። ለአገልግሎት አካውንት ግን አንድ ስክሪፕት፣ ያለ ምንም ተከታይ ቃል፣ ይፈቀድ፤ ስክሪፕቱም ሆነ ያለበት ማውጫ ባለቤቱ ሩት ይሁን። አካውንቱ ስክሪፕቱን መቀየር ከቻለ የሰጣችሁት ሙሉ ሩትነት ነው።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ደጋፊዎቻችን ሎግ እንዲያነቡ ካትን (የፋይል ይዘት የሚያሳየውን ትእዛዝ) ከ/ቫር/ሎግ/ እና ከኮከብ ምልክት ጋር ፈቅጃለሁ። ትክክል ነው?

መልስ፦ በተከታይ ቃላት ውስጥ ኮከቡ ክፍተትንም እዝባርንም ያካትታል። ከሎግ ማውጫው በሁለት ነጥቦች (..) ወደ ኋላ እየተመለሱ የይለፍ ቃል ሃሾች (በሒሳብ ተቀይረው የተቀመጡ የይለፍ ቃላት) ያሉበትን የሻዶው ፋይል ማንበብ ይችላሉ። በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ አብዛኛውን ሎግ ለማንበብ «ኤዲኤም» ቡድን ውስጥ መግባት ይበቃል፤ ሱዶ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ዱአስ የሚባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም ከሱዶ ይሻላል?

መልስ፦ ከዛሬው ርዕስ ውጪ ነው።

ጥያቄ፦ ለተጠቃሚ አዲስ ቡድን ስጨምር የሱዶ መብቱ ጠፋ።

መልስ፦ ዩዘርሞድን (የተጠቃሚ አካውንት መቀየሪያውን ትእዛዝ) በትልቁ «ጂ» (-G) ብቻ ጽፈውታል፤ ያለ ትንሹ «ኤ» (-a) ተጠቃሚውን ከቀድሞዎቹ ተጨማሪ ቡድኖች ያስወጣዋል። በሩት የገባችሁበት ተርሚናል አይዘጋ ያልኩት ለዚህም ጭምር ነው።

ጥያቄ (የላብ ኃላፊው)፦ ተማሪዎች ሶፍትዌር እንዲጭኑ «አፕት ኢንስቶል»ን (የሶፍትዌር መጫኛውን ትእዛዝ) ከኮከብ ጋር ብፈቅድስ?

መልስ፦ ኮከቡን ያንሱት፤ ይህን ስናገር ሁለተኛ ጊዜዬ ነው። ተማሪው ራሱ ያዘጋጀውን የዴብ ፋይል (የሶፍትዌር ጥቅል) ቢሰጠው አፕት ይጭነዋል፤ በጥቅሉ ውስጥ ያለው የማስገቢያ ስክሪፕት ደግሞ በሩት መብት ይሠራል። የሚፈቀዱትን ጥቅሎች ስም የያዘ፣ ባለቤቱ ሩት የሆነ ስክሪፕት ይጻፉ፤ በደንቡ ላይም ከስክሪፕቱ ዱካ ቀጥሎ ባዶ ትእምርተ ጥቅስ ያስቀምጡ፤ ያን ጊዜ ሱዶ ምንም ተከታይ ቃል አይቀበልም።