የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለመድኃኒት ፍሪጅ የቱ ዳታ ሎገር ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ አዘጋጆች። ባቲ ላይ አነስ ያለች መድኃኒት ቤት አለችኝ፣ ኢንሱሊኑን ሁሉ የማስቀምጠው አንድ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ሌሊት መብራት ይጠፋል፣ ጠዋት ስገባ ቴርሞሜትሩ 5 ዲግሪ ይላል፣ ግን ሌሊቱን ስንት ደርሶ እንደነበር በምን ልወቅ? ዳታ ሎገር (ሙቀቱን በየጊዜው እየለካ የሚመዘግብ መሣሪያ) ግዢ አሉኝ፣ አንዱ በዋይፋይ ስልክ ላይ የሚልክ ነው፣ አንዱ ደግሞ ዩኤስቢ ነው፣ ዋጋቸው አይገናኝም። የቱን ልውሰድ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጠራጠርሽ ልክ ነው፣ የጠዋቱ 5 ዲግሪ ስለ ሌሊቱ ምንም አይነግርሽም። ከፍተኛና ዝቅተኛውን የሚይዘው ቴርሞሜትር እንኳ 14 ደርሶ ነበር ይልሻል እንጂ 10 ደቂቃ ይሁን 6 ሰዓት አይልሽም፣ ለመድኃኒት ደግሞ ዋናው እሱ ነው።

የዋይፋዩን ተይው። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም አብሮ ነው የሚጠፋው፣ ልክ በሚያስፈልግሽ ሰዓት ዝም ይልሻል። ላንቺ የሚሆነው በራሱ ባትሪ የሚሰራ፣ ስክሪንና አላርም ያለው፣ ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩት ሪፖርት የሚያወጣ የዩኤስቢው ነው፣ ብቻ ሴንሰሩ (ሙቀቱን የሚለካው ክፍል) በገመድ የሚወጣ ይሁን፣ ስክሪኑን ውጪ ለጥፈሽው በር ሳትከፍቺ ታያለሽ። የሴንሰሩን ጫፍ ግላይኮል (ቶሎ በረዶ የማይሰራ ፈሳሽ) ያለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ብትከቺው ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፣ በር በተከፈተ ቁጥር አየሩ ቶሎ ይሞቃል፣ ፈሳሹ ግን እንደ መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ስለሆነ የሚሞቀው እውነቱን የሚያሳይሽ እሱ ነው።

ባቲ ስለሆንሽ ሙቀቱ እንደሚያሳስብሽ ይገባኛል፣ እኔን ግን የበለጠ የሚያስፈራኝ ቅዝቃዜው ነው። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፣ ብዙዎቹ ግን ከ30 ዲግሪ እስካላለፈ ድረስ 4 ሳምንት ገደማ ከፍሪጅ ውጪ ይቆያሉ (ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብቢ፣ ይለያያል)። አንዴ በረዶ ከሰራ ግን ቀልጦ ደህና ቢመስልም ይጣላል። ተራ የቤት ፍሪጅ ከሆነ ደግሞ ከፍሪዘሩ ስርና ከጀርባው ግድግዳ ጋ ያለው ቦታ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል፣ ሴንሰሩን መሀል ላይ፣ መድኃኒቱ መሀል አድርጊው፣ ግድግዳው ጋ ምንም አታስጠጊ። የክትባት ፍሪጅ ላይ ያሉትን ሎገሮች ብታዪ ከ8 ዲግሪ በላይ ሲሆን 10 ሰዓት ታግሰው ነው የሚጮሁት፣ ከዜሮ በታች በግማሽ ዲግሪ ሲወርድ ግን 60 ደቂቃ ይበቃቸዋል። አላርምሽን ስትሞዪ ይሄንን አስቢ።

የስህተት መጠኑ ከግማሽ ዲግሪ የማይበልጥ ፈልጊ። በየ10 ደቂቃው እንዲመዘግብ አድርጊው፣ በቀን 144 ንባብ ነው፣ 16 ሺህ ንባብ የሚይዝ ከሆነ ከ3 ወር በላይ ይሄድልሻል። ሰዓቱን ስትሞዪ ዞኑን +3 አርጊው፣ ሪፖርቱ 02:00 ካለሽ ሌሊት 8 ሰዓት ነው፣ ጠዋት 2 ሰዓት መስሎሽ እኔ እኮ ያኔ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ እንዳትዪ።

ገዝተሽ እንደመጣሽ ፈትኚው። በረዶ ፈጭተሽ ጥቂት ንጹህ ውሃ ጨምረሽበት ሴንሰሩን መሀሉ ክተቺውና ጠብቂ፣ 0 አካባቢ መቆም አለበት። በፈላ ውሃ ግን እንዳትሞክሪ፣ አንዳንዱ ሴንሰር ያን ያህል ሙቀት አይችልም፣ ደግሞ ውሃ 100 ላይ የሚፈላው ባህር ዳርቻ ነው፣ ደሴ ላይ ብታፈዪው 92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ከተማ የጫጩት ማስፈልፈያ ማሽን አለኝ፣ ለኔም ያው የፍሪጅ ሎገር ይሆነኛል?

መልስ፦ አይሆንህም ወንድሜ። ያንተ ማሽን 37.5 ዲግሪ ላይ ነው የሚሰራው፣ በግማሽ ዲግሪ የሚሳሳት ሎገር 37 ይሁን 38 አይለይልህም፣ ስህተቱ ከ0.2 የማይበልጥ ፈልግ። እርጥበትም ይመዝግብ፣ እስከ 18ኛው ቀን 50 እና 55 ፐርሰንት መሀል፣ የመጨረሻዎቹ 3 ቀኖች ላይ ደግሞ ወደ 65 እና 70 ከፍ ማለት አለበት። የእርጥበት ሴንሰር በአቧራና በላባ ቶሎ ይዛባል፣ ለመፈተሽ ግን ቀላል ነው፣ ጨው በትንሽ ውሃ አርጥብና ክዳኑ የሚገጥም እቃ ውስጥ ከሎገሩ ጋር አሳድረው፣ ጨዉ ሎገሩን እንዳይነካው ብቻ፣ ጠዋት 75 ፐርሰንት አካባቢ ካላሳየህ ሴንሰሩን ቀይረው።