አቅራብ ነሽ ተብያለሁ፣ ሰማዩ ላይ የቱ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ከባህር ዳር ሽምብጥ ነው የምጽፈው። ልጅ ሆኜ አያቴ ደብተራ ጋ ወስደው ኮከቤን አስቆጥረውልኝ አቅራብ ነሽ ተባልኩ። ጋዜጣ ላይ ግን በልደቴ (ኅዳር 16) ሳየው ቀውስ የሚባለው ኮከብ ነኝ። የቱን ልመን? ደሞስ አቅራብ የሚባለው ኮከብ ከዚህ ይታያል ወይ? ወንድሜ ባይናኩላር አለው።

መልስ፦ እህቴ፣ ደብተራው ያሰላልሽ ዐውደ ነገሥት በሚባለው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው፣ ያንቺንና የእናትሽን ስም ፊደል በቁጥር ይደምርና ለ12 ይገድፋል፣ ማለት 12 12 እያወጣ ይጥላል፣ 8 ከተረፈው አቅራብ ነሽ፣ መቼ እንደተወለድሽ ጭራሽ አይጠይቅም። ጋዜጣው ደሞ ልደትሽን ብቻ ነው የሚያየው፣ ከጥቅምት 13 እስከ ኅዳር 12 ገደማ አቅራብ፣ ከዛ ቀውስ። ግን ይሄ አከፋፈል የዛሬ 2 ሺህ ዓመት አካባቢ የነበረውን ሰማይ ይዞ የቀረ ነው። ምድር ሊቆም ሲል እንደሚንገዳገድ እንዝርት ዘንጓ ቀስ እያለ ይዞራል፣ አንዱ ዙር 26 ሺህ ዓመት ገደማ ይፈጃል፣ በዚህ የተነሳ ዛሬ ፀሐይ እውነተኛው አቅራብ፣ ማለትም ሰማዩ ላይ ያለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ የምትገባው ኅዳር 14 አካባቢ ነው፣ ሳምንት እንኳን ሳትሞላ ለኅዳር ጽዮን ዋዜማ ትወጣለች። ኅዳር 16 ማለት እንግዲህ መሀሉ ላይ ነሽ! ደብተራው በስም ቆጥሮ ሰማዩ ላይ ገጠመለት፣ እኔ አጋጣሚ ነው ባይ ነኝ፣ ለአያትሽ ግን አትንገሪያቸው።

አቅራብ ዐረብኛ ነው፣ ጊንጥ ማለት። ባቢሎኖችም ጊንጥ ብለውታል፣ ግሪኮች ደሞ ኦሪዮን የሚባል አዳኝ ምድር ላይ ያለ አውሬ ሁሉ እገድላለሁ ብሎ ሲፎክር ምድር ተቆጥታ ጊንጥ ላከችበት፣ ነደፈው፣ ሞተ ይላሉ። ኦሪዮንም ሰማዩ ላይ የራሱ የኮከቦች ስብስብ አለው፣ ለዛ ነው አሉ አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚገባው። የዛሬው ሚዛንም ድሮ የዚሁ ጊንጥ መቆንጠጫ ነበር።

ማየቱ ላይ፣ ክረምቱን ማታ ማታ ሰማዩ ላይ ጉብ ብሎ ነው የሚያመሸው ግን በኛ ደመና ማን ያየዋል። መስቀል ካለፈ በኋላ ጨረቃ የሌለችበትን ቀን ምረጪና ማታ 1 ሰዓት ላይ ጀርባሽን ለጣና ሰጥተሽ ወደ ደቡብ ምዕራብ እዪ። የከተማው መብራት እዛው ፊትሽ ስለሆነ ትንሽ ያስቸግራል፣ እኔ ጎርጎራ ሆኜ ሳየው ሐይቁ በደቡብ በኩል ነበርና ቀዩ ኮከብ ውሃው ላይ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። እሱ አንታሬስ ነው፣ የጊንጡ ልብ፣ ፍም ይመስላል። በፀሐይ ቦታ ቢቀመጥ ማርስን አልፎ ይውጣት ነበር። ዛሬ የምታዪው ብርሃኑ ወደ 550 ዓመት ተጉዟል፣ ማለትም የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (አፅማቸው ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው) ልጅ ዐፄ በእደ ማርያም በነገሡበት ዘመን ገደማ የተነሳ ነው።

ባይናኩላሩን አንታሬስ ላይ አድርጊና ሳታንቀሳቅሺው ጎኑን እዪ፣ መስታወት ላይ እንደተነፈሱበት ዓይነት ክብ ጭጋግ ካየሽ ሜሲየር 4 (ሜሲየር በሚባለው የሰማይ አካላት ዝርዝር 4ኛው) ነው፣ 6 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ አንድ ላይ የታጨቀ የብዙ ሺህ ኮከብ ክምር። መብራት ካለበት አትደክሚ፣ አይታይም። ከሱ ይልቅ ጅራቱን ተከትለሽ ሂጂ፣ መንደፊያው ጋ ሁለት ኮከቦች ተጠጋግተው አሉ፣ ከነሱ ወደ ግራ ትንሽ ከፍ ብሎ ሜሲየር 7 የሚባል የኮከብ ክምር አለ፣ ጨለማ ቦታ በባዶ ዓይን ይታያል፣ እስክንድርያ የነበረው የኮከብ ሊቅ በጥሊሞስ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎታል። በባይናኩላር ስታዪው ጨው የተበተነ ነው የሚመስለው። አጠገቡ ያለው አነስ ያለው ሜሲየር 6 ነው፣ ቢራቢሮ ይሉታል፣ እኔ እስካሁን ክንፉን ማየት አልቻልኩም።

ብቻ አትቆዪ፣ 3 ሰዓት ሳይሞላ አንታሬስ ወርዶ ዛፍና ጣሪያ ይጋርደዋል፣ ጥቅምት ሲጋመስ ደሞ ፀሐይን ተከትሎ ቶሎ ይገባል።